ቢኖር

ሻርጃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሮላ ጀርባ፣
የቀኑ አቧራ እስካሁን በመስኮት ስንጥቅ ሲገባ፣
ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም እንደ ታመመ አዛውንት፣
እኔ ከስክሪን ፊት ተጎልቼ እቆጥራለሁ፣ ሴት በሴት።

የክሊኒኮች መዝገብ ነው፣ ከአራት ቦታ የተለቀመ፣
አንዱ ካንዱ በቀጭን ክር እየታሰረ የቆመ፦
ይህች ሰው — ስሟ — እንዲህ ነው፤
ይህች ሰው — ስልኳ — ይኸው ነው፤
ዓረፍተ ነገር በሦስት ቃል፦ ባለቤት፣ ማሰሪያ፣ መድረሻ፤
በዚህ ነው ዓለም የሚነገር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

ጥያቄ ጻፍኩ፦ «ስምና ስልክ አምጣ፣ የሁሉንም ሰው።»
አመጣልኝ። ቆጠርኩት።
ስድስት መቶ አሥራ አንድ ነው።
መዝገቡ ግን የያዘው ስድስት መቶ አርባ ነፍስ።
ሃያ ዘጠኙ የት ገቡ? ማን ወሰዳቸው ሳንደርስ?

አልተሰረዙም፣ አልጠፉም፤ ደጅ ላይ ነው የቀሩት፤
አንዲት መስመር ስለጎደለች ከነስማቸው የተተዉት።
ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ይባል ነበር፤
እዚህ ግን ሹመት አይደለም፣ ሰው ነው የሚቀር ከቁጥር።

ቢጁ፣ የኬረላው ልጅ፣ ባልንጀራዬ ባለ መነጽር፣
«ባዶ ያየኸውን ሁሉ» አለኝ፣ «ዜሮ ሙላው፤ ይጠር ነገር።»
ሞላሁት። ሻይ ልቀዳ ወጣሁ።
ፕሮግራሙ ግን አይተኛ፤
ስልክ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ይህን ያስተማርነው እኛ፤
ሃያ ዘጠኝ ስም፣ አንድ ቁጥር። እንግዲያው፣ አለ፣ አንድ ሰው!
ስመለስ ከነብርጭቆዬ አንዲት ሴት ነበረች የማየው፦
ሃያ ዘጠኝ ስም ያላት፣
አሥራ አንድ ጊዜ የተወለደች፣
በአንድ ማለዳ አጅማንም ፉጃይራም ደም የሰጠች፤
ደሟ ኦ፣ ደሟም ኤ፤ ነፍሰ ጡርም ያረጠችም፤
ሁሉንም የሆነች፣ ማንንም ያልሆነች።

ፈታኋት። ሌሊቱን ሙሉ አንድ በአንድ እየለየሁ፣
ከመሃል አንዲቱ ላይ ጣቴን አሳርፌ ቆየሁ፦

ስም፦ ሙሉነሽ
የአባት ስም፦
የትውልድ ቀን፦
ስልክ፦
የቅርብ ተጠሪ፦

ሙሉነሽ! ከስሟ በቀር ሙሉ የሆነ ነገር የላት፤
ግን ባዶው የመዝጋቢው ነው፣ መች የሷ ሆነና ጉድለት?
አባት አላት፤ አልተጠየቀች። ተወልዳለች፤ አልተጻፈ።
ያልተባለውን «የለም» ያለ፣ እሱ ነው የለፈለፈ።
ዝም አይነቅዝም።
ዝምታም መልስ ነው፤ ግን «የለም» አይደለም መልሱ፤
«ገና» ነው።

ጥያቄዬን አፍርሼ አንዲት ቃል አስገባሁ፦ ቢኖር።
ስሟን አምጣ። ስልኳን፣ ቢኖር። ባይኖር፣ ቦታው ክፍት ይደር፤
እሷን ግን ደጅ አታስቀር።
ስድስት መቶ አርባ። ገቡ ሁሉም፣ ከነክፍት ቦታቸው፤
ጥርሱ እንደ ወለቀ ልጅ ሲስቅ ታየኝ ፊታቸው።

ከዚያ ሊነጋ ሲል፣ የመጀመሪያው አዛን ሳይሰማ፣
ስልኬን አየሁ። እህቴ ናት፣ ከሐርቡ ከተማ፦
«ስለ አንዳርጌ ሰዉ በዛብን፤ ድንኳን ጥላችሁ ተቀመጡ አሉን።
በኦቦክ ከተሻገረ ይኸው አራት ዓመት። አንተስ ምን ትለን?»

ጣቴ ፊደሉ ላይ ዋለለ።
ጎረቤቶቻችንም ልክ እንደ ቢጁ ናቸው፣ ክፉ አይደሉም፤
ክፍት ቦታ እያዩ ማደር ግን አይችሉም።

«አትጣሉ» ብዬ ጻፍኩላት። «ድንኳኑን ነው» ብዬ ደገምኩ።
ቀጥሎ የምለው ጠፋኝ። «ቢኖር» አልኩ፣ አጠፋሁት፣ መልሼ ጻፍኩ።
ከታች የዓሣ መኪና ወደ ገበያው ሲያልፍ፣ ላክሁት።

አየችው። አልመለሰችም።
ገና።